ሁለት ቀለበት

ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ከቬንቴ ጫፍ ላይ፣
በሊትዌንያ ምድር፣ ሸንበቆው ከውሃው በሚገናኝበት፣
የመብራት ግንቡ ቀይ ጡብ ለብሶ ብቻውን በቆመበት፣
ነፋሱ ይዞራል፤ ወፉን ሁሉ ወደ መረቡ ይነዳል፤
አንዱ ከላይ ያልፋል፣ አንዱ ይወርዳል።

ዩርጊስ ሽማግሌው እጁ ይንቀጠቀጣል፤
ሻይ ሲቀዳ ግማሹ ለጠረጴዛው ይደርሰዋል።
ወፍ ሲይዝ ግን ያ እጅ ዝም ይላል።
ቁጥር የተቀረጸበት ቀጭን ቀለበት
ከእግሯ ላይ ገጥሞ፣ በፒንሳ ነክሶ፣
«ሂጂ» ይላታል፣ «ታጭተሻል።»
አርባ ዓመት ያው ቀልድ ነው፤
አርባ ዓመት እንስቃለን፣ ምን እናድርገው።

ለእኔ የሚደርሰኝ ጠብታዋ ነው፦
ከክንፏ ሥር መርፌ ሲነካት የምትወጣ፣
ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ ጣጣ።
መስተዋት ላይ አነጥፋታለሁ፤ እንደ ምላስ ትሾላለች፤
አልኮል ጠጥታ፣ ሐምራዊ ቀለም ለብሳ ታድራለች።
በነጋታው አንድ ጠብታ ዘይት፣ አንድ ዓይን፣ አንድ ወንበር፤
ባለ ደሟ ያን ጊዜ በየትኛው ሰማይ፣ በየትኛው ድንበር!

የእኛ የሰዎቹ ቀይ ደም ሆዱ ባዶ ነው፤
የወፍ ደም ግን አስኳል አለው።
ከእንቁላል የወጣች ፍጥረት
እንቁላል ሞልታ ትበርራለች በየደም ሥሯ፤
እልፍ አስኳል ባንድ ጠብታ። ማን ይቁጠረው? እኔ ነኝ ቆጣሪዋ።
ቤት እንዲህ ሲሞላ ሌባ አይጠፋም፤
በትንኝ ምራቅ ተሳፍሮ ይመጣል፣ በር አያንኳኳም፤
ከአስኳሉ ጎን ተጠማዞ ይተኛል፤
ቀዩን ይበላል፣ ጥቁር ትቢያ ይተፋል።
«ጥገኛ» ይሉታል መጻሕፍቱ።
እኔስ? በዚች ጠብታ የቤት ኪራይ የምከፍል፣
በወፍ ወባ ደሞዝ የምቀበል፣
ስሜ ማን ሊባል ነው?

ሰኞ ማለዳ ቪልቴ ከረጢት ይዛ ሮጠች፦
«አሮጌ ቀለበት ያላት ናት!»
የሸንበቆ ዘማሪ። ከደብዳቤ የማትከብድ።
ዩርጊስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
ቁጥሯን በጥፍሩ ጠርጎ አነበበ።
«የኔ ናት። በጫጩትነቷ ያጨኋት፣ አምስት ዓመት ሆናት።»
አሥር ጊዜ ባሕር፣ አሥር ጊዜ በረሃ።
መዘናት፣ ደም ወሰድንባት፣ ለቀቅናት።

ማክሰኞ የድሮውን መስተዋት ከሣጥን አወጣሁ፦
ንጹሕ። በእጄ ጽሕፈት «የለም» ይላል።
ከዚያ አዲሱን።
ሠላሳ መስክ ምንም። አርባኛው ምንም።
አርባ ሦስተኛው ላይ፣ አስኳሉን ተጠግታ፣
ሰማያዊ ክብ፣ አናቷ ላይ ቀይ ፈርጥ፤
ቀለበት። ዩርጊስ ያላጠለቀላት።

«ወባ ነው» ስል ቪልቴ ከወንበሯ ተነሣች፦
«ለቀናታል እኮ! ትሞታለች?»
ዩርጊስ ሻዩን አስቀመጠ፤ ፈሰሰ፤
«እስካሁን አልሞተችም» አለ።
ሌላ አላለም።

ይህ ነገር ክረምቱን ያንቀላፋል፤
ጎጆ ሲሠራ፣ እንቁላል ሲመጣ፣ ያኔ ይነቃል።
ደስታዋን ቆጥሮ የሚመጣ ዕዳ ነው።
እኔም ቀለበቴን ያወለቅሁት
ጓንት ይቀድዳል ብዬ ነበር፤ ሁለት ክረምት አለፈው፤
ከባዶ መስተዋት ሣጥን ውስጥ ነው።
ጓንቱ አይደለም።
ጣቴ ላይ ነጭ ክብ ቀርቷል፤
በሚያዝያ፣ ያለ ምክንያት፣ ያሳክከኛል።

አሁን ከዳኑብ ማዶ ትሆናለች፣
ሁለት ቀለበት ይዛ፣ አንዱንም ሳታውቀው።
መዝገቡን ከፈትኩ። ከቁጥሯ ጎን፣
«ጥገኛ» በሚለው ዓምድ ሥር
«አለ» ብዬ ጻፍኩ።
«አለች» የሚጻፍበት ዓምድ ፈለግሁ፤
አላሠመሩበትም።

መንጠቆው ላይ ሌላ ከረጢት ይወዛወዛል።